ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ

ሲሃም ልታገባ መሆኗን ለዶክተር የትናየት የነገረቻት በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ሌሎቹ ልጆች ተመርምረው እስኪያልቁ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀች፤ ከዚያ ገብታ በሩን ዘጋችና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የስኳር መጠኗን የምትጽፍበትን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው እንጂ አልከፈተችውም።

«ዶክተር፣ አጋሮ ሊድሩኝ ነው» አለች።

የትናየት ደስ ብሏት ሳቀች። «ማን ነው እሱ?»

«ሀቢቡላህ ይባላል። ሀቢብ ነው የሚሉት። አባቱ ቡና አቅራቢ ነበሩ፤ ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የያዙት እናቱ ናቸው። እሱ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለው።» ቀጥላ፣ «አያውቁም» አለች።

«ምኑን?»

ሲሃም ደብተሩን በጣቷ ወደ ዶክተሯ ገፋ አደረገችው።

የትናየት መምከር ነበረባትና መከረቻት። አንድ ቀን ስኳርሽ ቢወርድ አፍሽ ላይ ስኳር የሚያደርግልሽ ሰው ከጎንሽ ያስፈልጋል፤ ባል ከሁሉ ቀድሞ ማወቅ አለበት አለቻት። ሲሃም አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ባለፈው ዓመት ከሰቃ ሽማግሌ ተልኮብን ነበር» አለች ስትጨርስላት። «ሁለት ጊዜ መጡ። በሦስተኛው ቀሩ። ሰው ነግሯቸው ነው። እናቴ አንድ ወር ሙሉ ገበያ አልወጣችም። ማሎ፣ እባክዎ ዶክተር፣ ካርዴ እዚሁ ይሁን። ወደ አዋቂዎቹ ክፍል ካዛወሩኝ እዚያ የአጋሮ ሰው አይጠፋም፤ ስሜ ተጠርቶ ይሰማል።»

ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በደንቡ ከሕፃናት ክሊኒክ መውጣት ከነበረባት ቆይታለች። የትናየት ካርዱን ከፊቷ ካሉት ካርዶች ሥር አስገባችው።

«እሺ» አለች። «ከእኔ አፍ አይወጣም።»

የትናየት ጅማ የመጣችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ከደብረ ሲና፣ አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዛ ነበር። ሕክምና ተምራ ወደ አገሯ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ። ሐኪም ሆነች፣ የሕፃናት ስፔሻሊስት ሆነች፣ ቀጥላም አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀምጣ የልጆችን የስኳርና የሆርሞን ሕክምና ተማረች። ስትመለስ የተመለሰችው ወደ ጅማ ነበር። ባልደረቦቿ «ለስንት ልጅ ብለሽ ነው?» እያሉ ቀለዱባት። በዚያን ጊዜ ስኳር ያለበት ልጅ በዚህ አካባቢ ብርቅ ነው ይባል ነበር። እውነትም በመዝገብ ላይ ብርቅ ነበር፤ ልጆቹ ወባ ነው፣ ማጅራት ገትር ነው እየተባሉ ስማቸው ሳይጻፍ ይቀበሩ ነበርና። እሷ የአሮጌ አልጋ መጋዘን የነበረ አንድ ክፍል ለምና አስጸዳች፤ ሲስተር ውቢት የምትባል አንዲት ነርስ አገኘች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ መሥራት ጀመሩ።

የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለችው ሲሃም ናት። እናቷ ኢሕሳን ከየቡ በጀርባዋ አዝላ ስታመጣት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አንገቷ ተንጠልጥሎ፣ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ እየሸተተ። የትናየት ሁለት ቀን ከአልጋዋ አጠገብ አልተለየችም። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ነቅታ ውሃ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥራ ሁለት ዓመታት መዝገቡ ሰማንያ ሦስት ደረሰ፤ ከሁሉም ግን ስኳሩን እንደ ሲሃም የተቆጣጠረ አልነበረም። የትናየት በየስብሰባው ጥናቷን ስታቀርብ የምታሳየው ሥዕል የሲሃም ነበር፤ ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ የሚወርድ ንጹሕ መስመር። ስሟ አይጠቀስም። «ታካሚ ቁጥር አንድ» ነበር የምትላት፤ ስትላትም ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበር።

ኒካሑ በጥር ታሰረ። ሲሃም እናቴን ልጠይቅ እያለች ከአጋሮ ትነሣና የቡ ሳትወርድ ቀጥታ ጅማ ትመጣለች። መድኃኒቱን የት እንደምታስቀምጥ፣ ቤት ሰው ሞልቶ ሳለ የት እንደምትወጋ የትናየት ስትጠይቃት «መላ አግኝቻለሁ» ብቻ አለች። በረመዳንም እንዴት ነሽ ስትባል ይኸንኑ መለሰች። ቁጥሮቿ ጥሩ ስለነበሩ የትናየት አጥብቃ አልጠየቀችም።

በሰኔ መጀመሪያ መጥታ አርግዣለሁ አለች። የትናየት ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ መጣባት። ከእንግዲህ በየሁለት ሳምንቱ መታየት አለብሽ፤ የማህፀን ሐኪምም ያስፈልግሻል አለቻት። ሲሃም በየሁለት ሳምንቱ የሚበቃ ምክንያት ከየት እንደምታመጣ በጣቷ እየቆጠረች አሰበች፤ ሦስት ጣት ላይ አቆመች። አንዴ መጣች። ሁለተኛውን ቀጠሮ ዘግይታ መጣች። በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ቀረች። የትናየት ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ሌላ ለማን ትደውላለች? ቃል ገብታለች።

ከዚያ በሳምንቱ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውቢት ደወለችላት።

«ሲሃም ድንገተኛ ክፍል ናት» አለች። «ከባሏ ቤተሰብ ጋር ነው የመጣችው። ቶሎ ነይ።»

የትናየት ግቢውን በዝናብ አቋርጣ ሮጠች። ሲሃም ዓይኗን ከድና ተጋድማለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ደረቷ ሩጫ ላይ እንዳለ ሰው እየተነሣ ይወድቃል። ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ተረኛው ወጣት ሐኪም አራት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ሦስት ቀን ማስመለሷን፣ አንድ የግል ክሊኒክ የእርግዝና ትውከት ነው ብሎ ሁለት ቀን ግሉኮስ ሲሰጣት መቆየቱን ከወረቀቱ ላይ አነበበላት። የትናየት ወደ ልጅቷ አፍ ጎንበስ አለች። የዚያን ጊዜው የበሰበሰ ፍሬ ሽታ ነበር።

«ይህን ንቀሉት» አለች። «ስኳር አለባት። ስኳር የሌለውን፣ ሳላይኑን አምጡ፤ ደሟን አሁን ለኩ።»

ክፍሉ ተንቀሳቀሰ። ነርሶቹ ከአልጋው ግራና ቀኝ ሲሯሯጡ፣ ከአልጋው ግርጌ የሲሃምን ጫማ በእጃቸው ይዘው የቆሙ አንዲት ሴት ነበሩ። ሻሻቸው በዝናብ ርሷል። የባሏ እናት አዴ ኩልሱም መሆናቸው ለየትናየት ማንም ሳይነግራት ገባት።

«ስኳር?» አሉ። «እርግዝናው ነው ያመጣባት? የእህቴንም ልጅ ስታረግዝ ስኳር ብለዋት ነበር። ስትወልድ ለቀቃት።»

መውጫው ተከፍቶ ተሰጥቷት ነበር። ስትነቃ እንነጋገራለን ማለት ይቻላል። አሁን ጊዜ የለኝም ብሎ ፊትን ማዞርም ይቻላል። የትናየት እነዚህን ቃላት ለስንት ቤተሰብ ብላቸዋለች። በዚያች ደቂቃ ግን ተናዳ ነበር፤ ለሁለት ቀን ሙሉ ልጅቷ ደም ውስጥ ስኳር ሲፈስባት ከአጠገቧ የነበሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው ብላ ተናዳ ነበር። ሌላም ነገር ነበረበት፤ እሱን ለራሷ ያመነችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ልጅቷ የእኔ ናት ማለት ፈልጋ ነበር።

«የእርግዝና አይደለም» አለች። «ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አለባት። እኔ ነኝ ያሳደግኳት።»

አዴ ኩልሱም ጫማውን አልጋው ሥር አስተካክለው አስቀመጡና ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ሀቢብ የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ በደሌ ከሄደ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር፤ መታመሟን ደውለው የነገሩት የዚያን ቀን ነው። ቀጭን፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ሰው ነው። በብብቱ ትንሽ ፔርሙዝ ይዟል። የትናየትን በነጭ ጋዋኗ ሲያያት ፔርሙዙን ዘረጋላት።

«መድኃኒቷ ነው» አለ። «በሱቅ አልፌ ይዤው መጣሁ። ሱቅ ካለው የለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። አልተበላሸም።»

የትናየት ፔርሙዙን ተቀበለችው፤ ያዘችውና ቆመች። «ታውቃለህ?»

«በሠርጋችን ሳምንት ነው የነገረችኝ። ሱቅ እየመጣች ከመጋረጃው ጀርባ ነው የምትወጋው። በረመዳንም እዚያው ነበር የምትበላው።» ወደ አግዳሚው ዞሮ እናቱን አየ፤ እናቱ አላዩትም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእናቴ ምን አሏት?»

«እውነቱን።»

ሀቢብ ግድግዳውን ተደገፈ። «ከእርግዝናው ጋር የመጣ ነው ልላት ነበር» አለ። «ከሲሃም ጋር ተማክረን ነበር። ከወለደች በኋላ ሳይለቃት ቀረ እንላለን ብለን።»

ሲሃም በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነቃች። የሕፃኑ ልብ ግን ከዚያ በፊት፣ ጎህ ሳይቀድ ቆሞ ነበር። የነገሯት የማህፀን ሐኪሙ ናቸው፤ የትናየት በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሲሃም ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አዴ ኩልሱም ሦስት ቀን ከአልጋው አጠገብ አልጠፉም። ገላዋን ያጥቧታል፣ ልብሷን ይቀይሩላታል፣ ሾርባውን በማንኪያ ያጎርሷታል። ስለ በሽታው አንድም ቃል አላነሡባትም። ሲሃም ትውጣለች፣ ታመሰግናለች። በሦስተኛው ቀን አዴ ኩልሱም የትናየትን ኮሪደሩ ላይ አገኟት።

«ዶክተር፣ እኔ በሽታ አልፈራም» አሉ። «ባሌ የደም ግፊት ነበረበት። አሥር ዓመት ክኒኑን በእጄ ሰጥቼዋለሁ። እኔን ያቃጠለኝ፣ ስምንት ወር ከአንድ ሳህን እየበላን ዓይኔን እያየች መደበቋ ነው። የወለድኩት ልጅም አብሯት መደበቁ ነው።»

«ፈርታ ነው።»

«ማንን? እኔን? እኔ ምን አደረግኋት?»

አዴ ኩልሱም መልሱን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ትወልዳለች?»

«ክትትል ካላት ልትወልድ ትችላለች።»

«ዋስ ይሆኑኛል?»

የትናየት ያነበበቻቸው ጥናቶች ሁሉ ቁጥራቸው በአንድ ጊዜ ጭንቅላቷ ውስጥ መጣ። «ዋስ መሆን አልችልም» አለች።

አዴ ኩልሱም ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ደግ» አሉ። «እውነቱን ስለነገሩኝ አላህ ይስጥልኝ።»

በመስከረም መጨረሻ ሽማግሌዎች የቡ ሄደው ነገሩን ጨረሱት። ጩኸት አልነበረበትም። ዕቃዋ በሥርዓቱ ተጭኖ ተመለሰላት። ሀቢብ አልተከራከረም፤ ሱቁ የቆመው በእናቱ ቦታ ላይ ነው፣ ገና ያላገቡ ሁለት እህቶችም አሉት፤ ምናልባት ከነዚህ ሁሉ ይልቅ እናቱ ሦስት ቀን ዝም ብለው ያጎረሱበት ማንኪያ ነው ያሸነፈው። ከፍቺው በኋላ አንድ ማክሰኞ ክሊኒኩ መጣ። ከፍሪጁ የተረፉትን አራት ብልቃጦች በጋዜጣ ጠቅልሎ ለውቢት ሰጣት።

«ለሌላ ልጅ ይሁን» አለ። ሊወጣ ካለ በኋላ ተመለሰና የትናየትን፣ «ስትወጋ ያማት ነበር?» ብሎ ጠየቃት። «አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።»

«ይለመዳል» አለችው።

ሲሃም ክሊኒክ አልመጣችም። በጥቅምት አልመጣችም፣ በኅዳርም። የትናየት ሁለት ሳምንት አመነታች፤ ሦስተኛው ላይ ከሄርማታ ገበያ ጥቂት ብርቱካን ገዝታ በሚኒባስ የቡ ወረደች። የቡና ለቀማ ወቅት ነው። በየግቢው በር እሸት ቡና ተሰጥቷል፤ መንገዱ ሁሉ የሚጎመዝዝ ጣፋጭ ጠረን ይዟል። ሲሃም ጓሮ፣ የማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆማ ቡናውን በመዳፏ ትገላብጥ ነበር። ከስታለች። የትናየትን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተቀመጡ ብላ ዱካ አቀረበችላት፤ እሷ ራሷ ግን አልተቀመጠችም።

የትናየት ስለ ቁጥሮቿ ጠየቀች። ሲሃም ደህና ነው አለች፤ መድኃኒቱን ከየቡ ጤና ጣቢያ እንደምትወስድ ነገረቻት። ከዚያ የትናየት ለወራት ስታብሰለስለው የቆየችውን ጠየቀች።

«ያን ሳምንት ምን ሆነሽ ነው? ፍሪጁ ውስጥ መድኃኒት ነበረሽ። ለምን አቋረጥሽ?»

ሲሃም የገረማት መሰለች። «እያስመለሰኝ አልበላሁም ነበራ» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ሆዴ ውስጥ አልቀረም። ሳትበሉ አትወጉ ያሉን እርስዎ ነዎት።»

እውነት ነው፣ ብላለች። ክሊኒኩ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት፣ እህል በሚጠፋበት የክረምት ወር፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ቁርስ ሳይበላ ተወግቶ ስኳሩ ወርዶ ሞተባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የምታስተምረው ይህን ነበር። ትንንሾቹን በአማርኛም በኦሮምኛም በዜማ ታስብላቸዋለች። ግድግዳው ላይ ባዶ ሳህንና የተሰረዘ መርፌ አስላለች። የታመመ ልጅ ግን ባይበላም መርፌው ጨርሶ መቋረጥ እንደሌለበት፣ ሰውነት በሕመም ጊዜ ያለ እህልም ስኳር እንደሚያመነጭ፣ እሱን ለወላጆች ነግራለች ወይ? ነግራለች፤ አልፎ አልፎ፣ በመጨረሻ፣ ቸኩላ። በዜማ አላስባለችም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች የትናየት።

«በዚያስ አልተቀየምኩም» አለች ሲሃም። «ለመልካም ብለው ነው። የተቀየምኩት በሌላው ነው።» ቡናውን መገላበጧን ቀጠለች። «እናቱ ጠይቀዎት ነበር። እርግዝናው ነው ወይ አሉዎት። ዓይኔን መግለጥ ነው ያቃተኝ እንጂ እሰማ ነበር።»

ከጎረቤት የቡና መፈልፈያ ሞተር ይሰማል።

«ይቅር በይኝ» አለች የትናየት።

«ይቅር ብያለሁ። ወላሂ ብያለሁ። ግን እርስዎ ጋ አልመጣም» አለች ሲሃም። ብርቱካኑን ተቀብላ ወደ ቤት ገባች፤ አልተመለሰችም። የትናየትን እስከ አስፋልቱ የሸኘቻት ኢሕሳን ናት።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት የትናየት እንደዚያ ሠርታ አታውቅም። ከውቢት ጋር ሆና በመዝገቡ ውስጥ ያሉትን ቤተሰቦች አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ልጃችሁ ታሞ ሳይበላ ሲቀር መርፌውን ምን ታደርጋላችሁ? ከየሦስቱ ሁለቱ እናቆማለን አሉ። ሲሉም እንደ ጎበዝ ተማሪ ኮራ እያሉ ነበር። ቀጥላ የሞቱትን ልጆች ካርድ አወጣች። ቤታቸው የሞቱ ዘጠኝ ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ካርድ ላይ ራሷ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብላ ጽፋለች። ወደ ጌራም፣ ወደ ሊሙ ገነትም፣ ወደ ሸቤም እየሄደች ወላጆቻቸውን አገኘች። ስድስቱ አንድ ዓይነት ነገር ነገሯት። አስመለሰው፣ መብላት እምቢ አለ፣ እንዳሉን መርፌውን ተውን።

እንዳሉን። ስድስት ጊዜ ሰማችው። የሊሙ ገነቷ እናት፣ ልጇ ከሞተ አምስት ዓመት አልፎት ሳለ፣ ከክሊኒኩ የተሰጣትን የባዶውን ሳህን ሥዕል ግድግዳ ላይ እንደለጠፈችው ነበር። «እንዳልረሳ ብዬ ነው፤ ታናሹም ይያዝ ይሆናል ብዬ» አለቻት።

የክሊኒኩ ሥዕል ተነሥቶ ሌላ ተተካ፤ ትምህርቱ ከሥሩ ተለወጠ። ጥናቱን አዲስ አበባ ስታቀርበው አዳራሹ አጨበጨበላት፤ ሌሎች ሆስፒታሎችም ትምህርቱን እንውሰደው አሉ። በሁለተኛው ዓመት ከክሊኒኩ ልጆች በዚህ ምክንያት የሞተ አልነበረም። ውቢት ይህን በየጊዜው ትነግራታለች። የትናየት አዎ ትላለች። የሲሃምን መስመር ግን ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ስብሰባ አላሳየችም።

በየሦስት ወሩ ኢሕሳን ብቻዋን ትመጣለች። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ታመጣለች፤ የጤና ጣቢያው መድኃኒት በተቋረጠ ጊዜም ከዚህ ትወስዳለች። የትናየት ቁጥሮቹን አንብባ የመድኃኒቱን መጠን ዳር ላይ ትጽፋለች። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ጥያቄም ትጽፍ ነበር፦ እግርሽን ይደነዝዝሻል? እንቅልፍ ትተኛለሽ? መጠኑ ሳይዛነፍ ይፈጸማል። ለጥያቄዎቹ መልስ አይመጣም። ከአንድ ዓመት በኋላ መጠየቋን ተወች። ቁጥሮቹ ከፍ እያሉ ሄዱ። ሕመምተኛን ሳያዩ በወረቀት ማከም ምን ያህል እንደሚከብድ የትናየት ለተማሪዎቿ ስትነግር ከየት እንደተማረችው አትነግራቸውም።

ዘንድሮ በግንቦት ኢሕሳን ያመጣችው ደብተር በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነበር።

«ማን ነው የጻፈው?»

«ቤተል የምትባል ጎረቤት አለችን፤ አስተማሪ ናት። ሲሃም መስመሩ ይጠፋብኛል አለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረመዳን ወዲህ። ጭጋግ ይመስለኛል ትላለች። ቡናም ስትለቅም ድንጋዩን አትለየውም አሁን።»

የትናየት ብዕሯን አስቀመጠች። የዓይን ሞራ ከሆነ በአንድ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይነሣል። ከዓይን ጀርባ ያሉት የደም ሥሮች ከሆኑ ግን እያንዳንዱ ሳምንት ይቆጠራል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዓይኗን ማየት ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

«እኔ ልምጣ» አለች።

«አይምጡ» አለች ኢሕሳን፣ አንገቷን ሰብራ። «ባለፈው ውቢት ልትመጣ ነው ሲባል ሲሃም ሰቃ እህቴ ጋ ሄዳ አምስት ቀን ተቀመጠች።»

የትናየት ቁራጭ ወረቀት አወጣችና የዓይን ሐኪሙን የዶክተር ኦሊያድን ስም ጻፈች። ክፍሉ በሌላኛው ሕንፃ ነው፤ ሐኪሙም አዲስ ነው፣ ሲሃምን አያውቃትም። «ሐሙስ ሐሙስ ያያል» አለች። «እኔ ሐሙስ ሐሙስ ሊሙ ገነት ነኝ። ከጥዋት እስከ ማታ ጅማ አልኖርም። በደንብ ንገሪያት፤ አልኖርም።»

ሐሙስ ሊሙ ገነት የመሄድ ልማድ አልነበራትም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሄደች። እዚያ ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ሰጧት፤ ልጆች መጡላት። የመጀመሪያው ሐሙስ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው፣ አንድ አባት የልጁን ደብተር እያሳያት ሳለ ስልኳ ጮኸ። ኦሊያድ ነበር፤ ስትመጣ እንዲደውልላት ነግራው ነበር።

«መጥታለች» አላት። «እናቷ እጇን ይዛ ነው ያመጣቻት። ሞራ አይደለም ዶክተር። ሁለቱም ዓይን ጀርባው ደምቷል። የግራው ያለፈ ይመስለኛል። ለቀኙ አዲስ አበባ ሄዳ የሌዘር ጨረር ቢደረግላት የተወሰነ ሊተርፍ ይችላል።»

«ምን አለች?»

«ምንም። የት ነው የምሄደው ብላ ጠየቀችኝ።»

የትናየት የአባትዬውን ደብተር ጨርሳ አየች፤ ልጁ ታሞ መብላት ሲያቅተው ምን እንደሚያደርግ ጠየቀችው፤ በትክክል መለሰላት። ማታ ጅማ ተመልሳ ለአዲስ አበባው የዓይን ሐኪም የሚሄደውን ደብዳቤ ራሷ ጻፈችው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያለውን ሁሉ፣ መጠኑን፣ እርግዝናውን፣ ያን የነሐሴ ሐሙስ፣ አንድ ሳታስቀር ሁለት ገጽ ሞላች። ኦሊያድ አንብቦ በእሱ ስም ፈረመበት፤ የየትናየት ስም የትም ቦታ አልነበረም።

በሐምሌ መጀመሪያ ኢሕሳን እየመራቻት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። የትናየት ይህን የሰማችው ከውቢት ነው።